ላሚቱ በየት ትገባለች?

ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። እራት ተበልቷል፤ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል፤ እኔም ጫማዬን አውልቄ ቴሌቪዥኑ ፊት ተንጋልያለሁ። ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ከጓዳ ብቅ አለችና፣

“አባዬ፣ ሣር አለን?” አለችኝ።

“የምን ሣር?”

“የቤት ክዳን።”

“ቤታችን ቆርቆሮ አይደል እንዴ!”

“ለኛ አይደለም፤ ለቤት ሥራ ነው።”

“መቼ ነው የምታስረክቡት?”

“ነገ።”

“የተሰጣችሁስ?”

ኮርኒሱን አየት አደረገች። “የዛሬ ሁለት ሳምንት መሰለኝ።”

አማርኛችን አንዳንዴ ጉድ ይሠራል። የቤት ሥራ ሲባል እቤት ተቀምጠው የሚሠሩት መልመጃ እንጂ ቤት መሥራት ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። ደብተሯን ከፍታ አሳየችኝ፤ በአካባቢያችሁ ከሚገኝ ቁሳቁስ የአካባቢያችሁን ባህላዊ ቤት ሞዴል ሠርታችሁ አምጡ፣ ከ10 ይያዛል ይላል። እውነተኛውን ቤቴን ለመሥራት ስምንት ዓመት የፈጀብኝ ሰው ነኝ። የአጥሩ በር ዛሬም ቀለም አልነካውም። ይሄኛውን በአንድ ሌሊት ጨርሰህ አስረክብ ተባልኩ።

“በአካባቢያችሁ ከሚገኝ ቁሳቁስ” የምትለው ነገር ሲሰሟት ወጪ የሌለባት ትመስላለች። ግን አካባቢያችን የቱ ነው? እኛ ያለነው ሆሳዕና ነው፤ ጥንት የምትጠራበትን ዋቸሞ የሚለውን ስም ለዩኒቨርሲቲው አስረክባ፣ በ2015 መጨረሻ ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ የሆነችው ሆሳዕና። በእኛ ሰፈር የሚገኘው ቁሳቁስ ብሎኬት፣ የፌሮ ቁርጥራጭ፣ ሃይላንድ፣ የለስላሳ ቆርኪና የባጃጅ ጎማ ነው። በዚህ የሚሠራው ባህላዊ ቤት የየትኛው ብሔረሰብ እንደሚሆን መምህሩ ይወቁት። ሣርማ ከገጠር ካልመጣ ከየት ይገኛል? እንሰቱ እንኳን ከኛ ግቢ ጠፍቶ፣ ኮባ ስንፈልግ የጎረቤት አጥር ላይ ነው የምንንጠላጠለው።

ያም ሆነ ይህ ሥራው ተጀመረ። ለግድግዳው የጫማ ካርቶን ቀደድን። ለወጋግራው አንድ እሽግ ስቴኪኒ አለቀ። ለጭቃው፣ ባለቤቴ “ኧረ ተው” እያለች፣ የቡናውን አተላ ከኮላ ጋር ለወስኩት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ልስን ይመስላል! ሽታውም ከጭቃ ይሻላል። የክዳኑ ነገር ግን እስከ እኩለ ሌሊት አንከራተተን። በመጨረሻ ዓይኔ ከበሩ ጀርባ ከቆመው አዲስ መጥረጊያ ላይ አረፈ። ባለቤቴ ዓይኔን ተከትላ አየችና “እንዳታስበው!” አለች። አስቤው ነበር። ቅዳሜ ገበያ ተገዝቶ ማክሰኞ ማታ ተፈታ። እየመተርን፣ በቃጫ እያሰርን ከዳንነው። ለጉልላቱ የቫዝሊን ክዳን ደፋንበት።

ልጄስ? ልጄ እስከ 4 ሰዓት ድረስ መቀስ አቀበለችኝ። ከዚያ በኋላ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔና እናቷ ግን፣ መጥረጊያውን ረስታልኝ፣ ጎን ለጎን ተንበርክከን ስቴኪኒ ስንተክል አነጋን ማለት ይቻላል። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከሠርጋችን ወዲህ ሁለታችን በአንድ ነገር ላይ ያን ያህል ተስማምተን የሠራንበት ሌሊት ትዝ አይለኝም።

ጠዋት ቤቷን ይዘን ባጃጅ ጠራን። ሹፌሩ አየት አደረገንና “የሁለት ሰው ነው የምትከፍሉት” አለ። ለምን? “ቤት ጭኜ በአንድ ሰው ሂሳብ?” ነገሩ እውነት አለው። ከፈልን።

ውጤቱ አርብ መጣ። ከ10 7።

ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ልጅ ያላቸው ያውቁታል። ሌላ ጊዜ ልጄ በሒሳብ 7 ስታመጣ “ጎበዝ፣ በርቺ” ብዬ አልፋለሁ። አሁን ግን 3ቱ የት ገቡ? ልሄድና ልጠይቅ ተነሳሁ። “ማን ነኝ ብለህ ነው የምትጠይቀው? ተማሪው ነኝ ትላለህ?” ብላ ባለቤቴ አስቀመጠችኝ። ይባስ ብሎ የጎረቤታችን ልጅ 10 ከ10 አምጥቷል። አባቱ አናጢ አሠርቶለት ነው። በሩ ማጠፊያ ነበረው፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል። የአጥሬን በር እንደዚያ አድርጎ የሚሠራልኝ ሰው አጥቼ ስንት ጊዜዬ!

ቆይቶ እንደተረዳሁት፣ በከተማችን ይህን ሥራ የያዙት አባቶች ብቻ አይደሉም። ጁስ ቤትና ጸጉር ቤት እየዞረ ማስታወቂያ የሚሥል አንድ ወጣት አለ። ፀጉሩን ባለ መስመር የተቆረጠ ጎረምሳም፣ አናናስና አቮካዶ የተነባበሩበት ብርጭቆም ከተባለ ከሱ እጅ አይወጣም። የማስረከቢያ ሳምንት ሲደርስ ደጁ ላይ ወላጅ ይሰለፋል። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ዋጋ ጠየቅኩት።

“መልክዓ ምድር ነው ሰው?” አለኝ።

“መልክዓ ምድር።”

“300። ልጅ የሠራው እንዲመስል ከፈለጉ ግን ጋሼ፣ 400 ነው።”

“ለምን ይጨምራል? ሲበላሽ መርከስ አልነበረበትም?”

“አይ ጋሼ፣ አሳምሮ መሣል ቀላል ነው። እንደ ልጅ ማበላሸት ነው የሚከብደው። እጄ እምቢ ይለኛል።”

ይህን ያለኝ ልጅ፣ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያቋቋሙት፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ልግባ ብሎ ሄዶ በመግቢያ ፈተናው የወደቀ ነው። ሰባተኛ ክፍል እያለ በሥዕል ስንት እንደነበረው ጠየቅኩት። “5 ከ10” አለኝ። “ራሴ ነበር የምሠራው።”

መልክዓ ምድር ካነሳን ዘንድ ዱራሜ ያለ ወዳጄን ጉድ ሳላወራ አላልፍም። ልጁ “የአካባቢያችሁን መልክዓ ምድር ሣሉ” ተባለች። ዱራሜ ላይ ይህ ትእዛዝ የጸጋ ትእዛዝ ነው። መስኮት ሲከፈት አምባሪቾ ተራራ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታውን ይዞ ግድግዳ አክሎ ቆሟል። ልጅቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ምን ሣለች? ሁለት ሦስት ማዕዘን ተራሮች፣ በመሃላቸው ጨረሯ እንደ ሽፋሽፍት የተዘረጋ ፀሐይ፣ ከተራሮቹ ሥር እየተጠማዘዘች የምትወርድ ወንዝ፣ በቀኝ አንድ ዛፍ፣ በግራ የጭስ ማውጫ ያለው ቤት፣ ሰማዩ ላይ እንደ ወደቀ ቅንፍ ያሉ አራት ወፎች።

ይህን ሥዕል ታውቁታላችሁ። እኔም ሥያለሁ፤ እናንተም ሥላችኋል። ከመቀሌ እስከ ሞያሌ ሁላችንም አንድ ሥዕል ነው የሣልነው። ሁለት ተራራ መሃል ፀሐይ ስትወጣ ያየ ማን ነው? የጭስ ማውጫ ያለው ጎጆስ በየትኛው ቀበሌ ነው ያለው? የእኛ ጎጆ ጭሱን በሣሩ ውስጥ እያጣራ ነው የሚያወጣው፤ ለዚያም ነው ምስጡ የሚፈራው። ማን እንዳስተማረን አላውቅም፤ ብቻ ከታላቅ ወንድም ወደ ታናሽ እህት እንደ ኩፍኝ ይተላለፋል።

ወዳጄ ሥዕሉን አይቶ ተቆጣ። “አምባሪቾ አጠገብሽ ቆሞ ይሄ የማን ተራራ ነው? እሱን ሣይ!” አላት። ልጅቷ እሺ ብላ ሣለችው። ወደ ጫፉ የሚያወጣውን ደረጃ ስትደርስ ግን ቀና ብላ “ስንት ነው?” አለች። ደረጃው 777 ነው። “በል ቁጠርልኝ” ብላ በእርሳስ አንድ በአንድ ማስመር ጀመረች። ወዳጄ 412 ላይ ጠፋበት። እንደገና ከአንድ ጀመረ። “ሁለቱን ሦስት ማዕዘን ባልነካ ይሻለኝ ነበር” ይላል ዛሬም ስንገናኝ።

የትምህርቱ ስም አሁን “ክወናና ዕይታ ጥበባት” ነው። በ2015 ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርት ሰባተኛንና ስምንተኛን “መካከለኛ ደረጃ” ብሎ ለብቻ ሲያወጣቸው ሙዚቃውን፣ ቴአትሩን፣ ውዝዋዜውንና ሥዕሉን በአንድ ከረጢት ጨምሮ ነው የሰጣቸው። እኛ በነበርንበት ጊዜ “የእጅ ሥራ” ነበር የሚባለው። ወንዶቹ መጥረጊያና ገመድ፣ ሴቶቹ ጥልፍ። የሠራነው መጥረጊያ ማርክ ከተሰጠው በኋላ ወደ ቤት ተመልሶ አያውቅም። የትምህርት ቤቱ ግቢ ዓመቱን ሙሉ በኛ ውጤት ነበር የሚጠረገው። አሁን እኔ ለልጄ ውጤት መጥረጊያ ስፈታ፣ ዕዳው የዞረ መሰለኝ።

የዛሬዎቹ ከበድ ያለ ቃልም ይዘው ይመጣሉ። አንድ ቀን “ኮላዥ ሥሩ ተብለናል” አለችኝ። እኔ ኮላ ግዙ የተባሉ መስሎኝ አንድ ቱቦ ኮላ ገዝቼ ገባሁ። ወረቀት እየቀደዱ፣ እየለጠፉ ሥዕል መሥራት ነው አለችኝ። ግን ብዙም አልተሳሳትኩም፤ እኛ ኮላውን ከጣሊያን፣ መጽሐፉ ኮላዡን ከፈረንሳይ ወሰደ እንጂ ቃሉ አንድ ነው። ፒካሶና ብራክ በፈረንጆቹ 1912 ጋዜጣና የግድግዳ ወረቀት እየለጠፉ አስጀመሩት ይባላል። እነሱ ጋዜጣ ነበራቸው። የኔ ልጅ አረንጓዴ ቢቸግራት የግብር ደረሰኜን ቀደደችው። ዛፉ አምሯል፤ እኔ ግን ለገቢዎች ዛፍ ይዤ ልሄድ አልችልም።

ከሁሉም የሸክላው ይብሳል። “ከሸክላ አንድ ዕቃ ሠርታችሁ አምጡ” በተባሉ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ጭቃ በጭቃ ሆነ። የኛው ሲኒ ፀሐይ ላይ ገና ግማሽ ቀን ሳይሞላው ሦስት ቦታ ተሰነጠቀ። ጭቃ መርጦ፣ አቡክቶ፣ አሸዋውን መጥኖ፣ በጥላ አድርቆ፣ ከዚያ መተኮስ የሚባል ዕውቀት እንዳለ የገባን ያኔ ነው። በዚህ ምድር፣ በሀዲያውም በከምባታውም፣ ሸክላ የሚሠራው ሰው ለዘመናት በአንድ ማዕድ አልተቀመጠም፤ ልጅ አልተሰጠውም። ያ ነውር አሁንም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀንም። የዚያን ሳምንት ግን ገበያ ውስጥ ሸክላ የዘረጉትን እናት ከበን “እትዬ፣ ትንሽ ጀበና የለዎትም? እባክዎ፣ ለልጄ” እያልን ስንለማመጥ ሰው ያየን እንደሆን ብዬ አፈርኩ። ቀድሞ ማፈር ነበረብኝ።

ገዝቶ ማስረከቡም ብልሃት ይጠይቃል። አንዲት እናት ገበያ መሄድ ሰነፈችና ልጇን የቤቷን ጀበና አስይዛ ላከቻት። ጀበናዋ አማረች፤ መምህሩም አገላብጦ ሊያያት ሲዘቀዝቃት የጠዋቱ አተላ ደረቱ ላይ ፈሰሰ።

በኅዳር መጀመሪያ እናቴ ከገጠር፣ ከጊምቢቹ ወዲያ ካለው ቤቷ፣ ቆጮና ቅቤ አስይዛ መጣች። ያቺ ባለ 7 ቤታችን ከትምህርት ቤት ተመልሳ ቴሌቪዥኑ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ክፍል ውስጥ 50 ጎጆ የሚያስቀምጡበት ስላጡ በየቤቱ መልሰዋታል። እናቴ ገና ሳትቀመጥ አየቻት።

“ይሄ ምንድነው?”

“ቤት ነው፤ የሀዲያ ቤት” አልኳት ደረቴን ነፍቼ። “ሠርቼ ነው… ልጄ ሠርታ ነው።”

ጎንበስ አለች። ክዳኑን በጣቷ ዳሰሰችው። ወደ ውስጥ አጮለቀች። ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ፣

“ላሚቱ በየት ትገባለች?” አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። በሩን ለሰው ብቻ ነው የሠራሁት፤ እሱም ለቀጭን ሰው። ጋጣ የለ፣ መሃል ላይ ምሰሶ የለ፣ ምድጃ የለ። እኔ ያን ዓይነት ቤት ውስጥ ተወልጄ፣ የላሟን ትንፋሽ እየሰማሁ ተኝቼ ያደግኩ ሰው፣ የሠራሁት ፖስት ካርድ ላይ ያለውን ቤት ነው። ያቺ ዱራሜ ያለች ልጅና እኔ አንድ ሆንን።

የዚያን ቅዳሜ ልጄ ከአያቷ ጋር ወደ ገጠር ሄደች። በሀላባም ሆነ በእኛ በኩል የተጓዘ ሰው ያውቀዋል፤ የሣር ቤቶቹ ግድግዳ ባዶውን አይቆምም። ሦስት ማዕዘኑ፣ ዚግዛጉ፣ ክቡ፣ አንዳንዴም አንበሳውና አበባው ተሥሎበት ነው የሚቆመው። እናቴ የራሷን ለያሆዴ በዓል፣ በመስቀል ሰሞን፣ በየዓመቱ ታድሰዋለች። ዘንድሮ ታማ ስለነበር የጓሮው ጎን ቀርቶባታል። ልጅቷን ይዛ እሱን ጨረሰችው።

ልጄ እሁድ ማታ ስትመለስ ጥፍሮቿ ውስጥ ቀይ አፈር ነበር። ስታወራ አፏ አልዘጋ አለ። ቀዩ ከወንዙ ዳር ነው የሚቆፈረው፤ ነጩ ከሌላ ቦታ፣ አያቴ ብቻ የምታውቀው። ጥቁሩ ከሰል ተወቅጦ ነው። ብሩሹ ጫፉ የተቀጠቀጠ እንጨት ነው። “ደግሞ አባዬ፣ ያለ ማስመሪያ! በግራ የሠራችውን በቀኝ ትደግመዋለች፣ ትክክል ይመጣል። ሲሜትሪ እኮ ነው! ‘አያቴ፣ ሲሜትሪ ትችያለሽ’ ስላት ‘ምን ዓይነት በሽታ ነው?’ አለችኝ።”

ሰኞ ማታ ያለፈው ዓመት ካላንደር ጀርባ ላይ በእርድ፣ በቡና አተላና በከሰል አንድ ነገር ስትሥል አገኘኋት። የማን ቤት ሥራ ነው አልኳት። የማንም አይደለም አለች። መቀስ ላቀብላት ፈልጌ አጠገቧ ቆምኩ። “አባዬ፣ መብራቱን ከለልከኝ” አለችኝ።

አራተኛ ክፍል ያለው ታናሿማ ከመጀመሪያው ከኛ ምንም ፈልጎ አያውቅም። ከተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦ መኪና ይሠራል፤ መሪው ይዞራል፣ ጎማው ቆርኪ ነው። ሰሞኑን ወደ ባጃጅ ዞሯል። ለምን ስለው “አንድ ጎማ ይቆጥባል” አለኝ። ኤልያስ ስሜ የሚባለው የአዲስ አበባ ሠዓሊ ከተጣለ ሽቦና ከኮምፒውተር የሆድ ዕቃ የሚሠራቸው ሥራዎች አሜሪካ ድረስ ሄደው ሙዚየም ውስጥ ተሰቅለዋል። ይህን ለባለቤቴ ነገርኳት። “እሱ የሰፈሩን ቻርጀር ሁሉ ፈትቶ ነው?” አለች። የኛው የኔን ሁለት ፈትቷል።

ወደ ጀመርኩት ልመለስ። ልጄ ረስታዋለች፤ እኔ ግን ያቺ 7 ከጉሮሮዬ አልወረደችም። ስለዚህ ለመምህሩ፣ ስማቸውን ሳልጠራ፣ አንድ ልመና አለኝ። 3ቱን የቀነሱብኝ በበሩ ምክንያት ከሆነ፣ ጌታዬ፣ አስፍቼዋለሁ፤ ምሰሶም አቁሜያለሁ። ቤቷ አሁን ያለችው ጓሮ ነው። ላሟ ባትገባም ዶሮዋ ገብታ እንቁላል ጥላበታለች። ቅዳሜ ከሰዓት እቤት ነኝ፤ ብቅ ይበሉና ይዩት።